እትዬ ዘነቡ ጃፓን ሄዳ ጎንበስ ያለች ጊዜ

የእትዬ ዘነቡን መሞት የሰማሁት በቴሌግራም ነው። ዙሪክ፣ ኦርሊኮን ጣቢያ ላይ ባቡር ልቀይር ስሮጥ ስልኬ ጮኸ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ግሩፕ ነው። «ውድ እህታችን ዘነበች ጄኔቭ አጠገብ ላንሲ በሚገኘው የእህቷ ልጅ ቤት ሳለች ወደ ጌታ ተሰብስባለች» ይላል። ከሥሩ የሚያለቅሱ ፊቶችና ነጫጭ እርግቦች ተደረደሩ። እዚያው ደረጃው መሃል ደርቄ ቀረሁ። ከኋላዬ የሚመጣው ሕዝብ እየገፋኝ ያልፋል፤ አንዱ ፈረንጅ ደረጃ ላይ አይቆምም ብሎ አጉረመረመብኝ። ሂድልኝ እባክህ! ሰው ሞቶብኛል።

ያዘንኩትን ያህልም ተናደድኩ። ምክንያቱም ይኸው ግሩፕ፣ ይኸው ራሱ፣ አንዲት ፎቶ ይዞ እሷን በቁሟ ሊቀብራት የነበረ ግሩፕ ነው። ዛሬ እርግብ ይልካል። እንግዲህ እኔ የማውቀውን ልናገር፤ ሌላው እርግቡን ይላክ።

እትዬ ዘነቡ ጡረታ እስክትወጣና ላንሲ እስክትገባ ድረስ ዙሪክ አጠገብ ረገንስዶርፍ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ትሠራ ነበር። አዛውንቶቹን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ አልጋቸውን ታነጥፋለች። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም። እዚህ አገር ያላት የሥጋ ዘመድ ጄኔቭ ያለችው ያቺ የእህቷ ልጅ ብቻ ነበረች፤ እሷም የምትመጣው ለበዓል ነው። የቀረው ዘመዷ እኛው ነበርን፤ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ኦርሊኮን ውስጥ የስዊሶቹን አዳራሽ ተከራይተን የምንሰበሰብ ትንሽ የጴንጤ ጉባኤ። «እኔ ስሞት የሚያለቅስልኝ ሰው በሙሉ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው ያለው» ትል ነበር፣ እየሳቀች። ሳቋ ሳቅ ነው እንጂ ነገሩ ቀልድ አልነበረም።

አጭር ናት፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ፣ ስትራመድ እንደሚቸኩል ሰው ናት። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን «እርስዎ» ብላት፣ «ማነሽ አንቺ፣ እያስረጀሽኝ እኮ ነው! አንቺ በይኝ» ብላ ተቆጣችኝ። አንቺ አልኳት፤ እትዬን ግን አልተውኩም፣ አፌ እምቢ አለ።

በጉባኤያችን የምስክርነት ጊዜ የምትመራው እሷ ነበረች። የእኛን ምስክርነት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው ጌታ ያደረገለትን ሊናገር ማይክ ይይዝና ከሱዳን በረሃ ይጀምራል፤ ልጆች ይተኛሉ፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ የአዳራሹ ኪራይ ሰዓት ያልቃል፣ እሱ ገና ሊቢያ አልደረሰም። እትዬ ዘነቡ ቀስ ብላ አጠገቡ ትቆምና፣ «ወንድሜ፣ ጌታ ምን አደረገልህ? እሷን ብቻ ንገረን። ሌላውን እኛም አልፈንበታል» ትለዋለች። ሕዝቡ ይስቃል፤ ሰውየውም ይስቅና ያጥራል። ማንም ተቀይሟት አያውቅም። እኔ ብሆን ኖሮ ስንቱ ባኮረፈኝ!

ሃይኩ የሚባለውን ነገር የተማረችው በሥራዋ ቦታ ነው። ከምትንከባከባቸው አዛውንቶች መካከል ፍራው ኬለር የምትባል፣ በወጣትነቷ ጃፓን የኖረች አሮጊት ነበረች። አሮጊቷ አልጋዋ ሲነጠፍ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጃፓኖች በሦስት አጫጭር መስመር ግጥም እንደሚጽፉ ነገረቻት። ዓይንሽ ያየውን ብቻ ጻፊ፣ የተሰማሽን ለአንባቢው ተይለት አለቻት። ለእትዬ ዘነቡ ይህ አዲስ ትምህርት አልነበረም፤ እሁድ እሁድ ማይክ ይዛ የምትታገለው ለዚሁ ነው። በአማርኛ ትጽፋለች፣ በተሰባበረ ጀርመንኛዋ ለአሮጊቷ ታወራላታለች፣ አሮጊቷ ታቃናላታለች። እንዲህ እያሉ ዓመታት ቆዩ። ፍራው ኬለር የሞተች ሰሞን እትዬ ዘነቡ ይህቺን ጻፈች፦

የሄደች ሴት አልጋ፤
አንሶላው ተቀየረ፣
ስርጉዱ ቀረ።

የፍራው ኬለር ልጅ ጀርመንኛ ትርጉሟን አነበበችና አለቀሰች። ከዚያ ዝም ብላ ጃፓን ለሚደረግ ዓለም አቀፍ የሃይኩ ጉባኤ ላከቻት። ከወራት በኋላ ከጃፓን መልስ መጣ፤ መጥተሽ በራስሽ ቋንቋ አንብቢ የሚል።

ጉድ ፈላ! መጀመሪያ በትራም ውስጥ በነፃ የሚታደለው ጋዜጣ ጻፈ። ከዚያ የዙሪክ ትልቁ ጋዜጣ መጣ፣ ከዚያ ሬዲዮ፣ ከዚያ ከጄኔቭ ቴሌቪዥን ስልክ ተደወለ። ስለ ግጥሙ ግን የሚጠይቅ የለም። አልጋ አንጣፊ ስደተኛ ጃፓን ልትሄድ ነው፤ ወሬው ይኸው ነበር። እኔ ሥራዬ ማስተርጎም ስለሆነ፣ ዙሪክ ከመግባቴ በፊትም ጄኔቭ ስለኖርኩ፣ በጀርመንኛውም በፈረንሳይኛውም አፏ እኔ ሆንኩ።

አንዷ ጋዜጠኛ ትዝ ትለኛለች። ልጅቷ ደግ ናት፣ ዓይኗ ግን እንባ ይፈልጋል።

«ባሕሩን ስታቋርጪ ምን ተሰማሽ?» አለቻት።

«በአውሮፕላን ነው የመጣሁት።»

«እሺ፣ ከአገርሽ ስትሸሺስ?»

«ስለ አልጋው ጠይቂኝ።»

ልጅቷ የሶፍት ፓኬት ከቦርሳዋ አውጥታ ቀስ አድርጋ ወደ እሷ ገፋችላት። እትዬ ዘነቡ አንዱን መዘዘችና ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን ሻይ ጠረገችበት። እኔ ሳቄን ለመያዝ የማደርገው ጠፍቶኝ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ።

ጉባኤያችንም መጀመሪያ በደስታ ሰክሮ ነበር። እሁድ ዕለት ወደ ፊት ጠርተን እጅ ጭነን ጸለይንላት። የጸለዩት ዋናው ሽማግሌያችን ጋሽ ደምሴ ናቸው። ጋሽ ደምሴን ሳታውቁ ቀጥሎ የሆነው አይገባችሁም። በደርግ ጊዜ፣ በወጣትነታቸው፣ ግራ እጅህን አንሣና መፈክር አሰማ ሲባሉ፣ እጄ የጌታ ነው ብለው ታስረው የተገረፉ ሰው ናቸው። ዛሬም አንድ ትከሻቸው ዝቅ ያለ ነው። ሰው የሚሞትለትን ነገር አይተዋል፤ ስለዚህ በእንደዚህ ያለ ነገር ቀልድ አያውቁም። የዚያን ዕለት ጸሎቱ ሲያልቅ እጇን ይዘው፣ «ጌታ ይቅደምሽ ልጄ። ብቻ እዚያ የጣዖት አገር ጉልበትሽን ጠብቂ» አሏት። «አሜን ጋሼ» አለች።

ሄደች። ሁለተኛዋ ቅዳሜ ላይ ፎቶው መጣ።

ማን እንዳገኘው አላውቅም፤ ከዙሪኩ ጋዜጣ ድረ ገጽ ነው የተወሰደው። እትዬ ዘነቡ ነጭ ነጠላዋን ለብሳለች። ከኋላዋ ትልቅ ጥቁር የእንጨት በር አለ፣ የቡድሃ ቤተ መቅደስ በር። እሷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወገቧ እስኪታጠፍ ጎንበስ ብላለች። ፊት ለፊቷ ማንም አይታይም፤ ፎቶው እዚያ ጋ ያልቃል። ከሥሩ በጀርመንኛ «ገጣሚዋ በቤተ መቅደሱ ደጃፍ በጸሎት ላይ» የሚል ተጽፏል።

ስልኬ ማታ ድረስ አላረፈም። «ይህ ነገር እውነት ነው ወገኖቼ?» «ጌታ ይገሥጽ!» «እኔ ከመጀመሪያውም ልቤ አልወደደውም ነበር።» ውሸታም! ከመጀመሪያው ሁሉም ተሽቀዳድሞ እጁን የጫነባት ነው። አንዷ ደግሞ የሚያለቅስ ፊት አሥር ጊዜ ላከች። ጋሽ ደምሴ ምንም አልጻፉም። ዝምታቸው ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

እትዬ ዘነቡ የተመለሰች ማግስት ሽማግሌዎቹ ጠሯት። ከአዳራሹ ኩሽና ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። እኔ የጉባኤው ጸሐፊ ስለነበርኩ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ጋሽ ደምሴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና በጣታቸው ወደ እሷ ገፉት።

«ይህን አይተሻል እህት ዘነበች?»

«አይቻለሁ።»

«እኔም አየሁት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን ጉባኤ ያቋቋምነው እዚህ አገር ልጆቻችን ጉልበታቸው ለማንም እንዳይታጠፍ ብለን ነው። አንቺ እንደዚህ ስትሆኚ ልጆቹ ምን ይማሩ?»  የተናደዱ ብቻ አልነበሩም፤ አዝነዋል፤ ያዘነ ሰው ደግሞ ክፉ ነው። «ቅዳሜ ጄኔቭ ቴሌቪዥን ላይ ትቀርቢያለሽ አሉ። ሁላችንም እዚህ ተሰብስበን እናያለን። በዓለም ፊት ያደረግሽውን፣ በዓለም ፊት ተሳስቻለሁ ብለሽ ንስሐ ግቢ። ካልሆነ ከአገልግሎት ትወርጃለሽ። ከጌታ እራትም ትታቀቢያለሽ።»

ሌሎቹ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ። ከጌታ እራት መታቀብ ምን ማለት እንደሆነ እኛ እናውቃለን። ማንም በቃል ውጪ አይልሽም። ብቻ የኅብስቱና የጽዋው ትሪ ሲዞር አንቺን ያልፍሻል፤ ሰው ሁሉ ያያል። ከዚያ ሰላምታው ይቀዘቅዛል፣ ስልኩ ይቀንሳል፣ አንድ ቀን ራስሽ ትቀሪያለሽ።

እትዬ ዘነቡ የእያንዳንዳቸውን ፊት በየተራ አየች። ቸኩላ አልነበረም። አንድ ነገር የምትጠብቅ ትመስላለች።

«ሌላ የምትሉኝ አለ?» አለች።

«የለም» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ምንም?»

«ምንም።»

ተነሥታ ኮቷን ለበሰች፤ ደህና ዋሉ ብላ ወጣች። ተከትያት ሮጥኩ፤ ትራም ፌርማታው ላይ ደረስኩባት።  እጄን ብቻ ያዘች፤ እጇ በረዶ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የጄኔቭን ባቡር ያዝን። ከዙሪክ ጄኔቭ መንገዱ ረጅም ነው፤ እኔ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንልኝም። በርን ከተማ ሳንደርስ ጀመርኩ።

«አልሰገድኩም በያቸው በቃ! ወይም ሰገድኩ፣ ይቅርታ በይ! አንዱን ምረጪና ገላግዪን!»

«ማርታ፣ ፖም ብዪ» አለች። ፖም እየላጠች ነው።

«ፖሙን ተይው! ነገ እኮ እሁድ ነው። ነገ የጌታ እራት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ይሄ እልህ ነው እንጂ እምነት አይደለም፣ እትዬ።»

«ይሆናል» አለች። ቢላዋው ቆመ። «እፈራለሁ ማርታ። ፈርቼ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ከእነሱ ወዲያ ማንን አውቃለሁ? እሁድ ሲመጣ የት እሄዳለሁ?»

«ታዲያ ተናገሪ!»

«አልችልም።»

«ምነው?»

«እንጃ። አፌ እምቢ አለኝ።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሎዛን ልንደርስ ስንል ሐይቁ ወጣ፤ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ያነሣል። እሷ ሐይቁን እያየች የምታየው አይመስለኝም ነበር። አንጀቴን በላችው፤ ግን ደግሞ አንገቷን ይዤ ላንቀጠቅጣት እፈልግ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

ቴሌቪዥን ጣቢያው ውስጥ አንዲት ልጅ ፊቷ ላይ ዱቄት ስትነሰንስባት፣ «ምንድን ነው፣ ዳቦ ልታደርጉኝ ነው?» አለች። ተረጎምኩላት፣ ልጅቷ ሳቀች። ይህን ጊዜ ትንሽ ልቤ መለስ አለ። ወዲያው ግን ለዩን። እኔን ከስቱዲዮው ጀርባ መስታወት ያላት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ፤ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣ አፌ ላይ ማይክ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የቀትሩ ዝግጅት በቀጥታ ነው የሚተላለፈው። እሷ በአማርኛ ስትናገር የእሷን ድምፅ ዝቅ አድርገው የእኔን ፈረንሳይኛ ከላይ ያወጡታል። ኦርሊኮን ያሉት የእኛ ሰዎች አዳራሹ ውስጥ በትልቁ ስክሪን ያያሉ፤ ከፈረንሳይኛ ግን ቦንዡር ከማለት አያልፉም። የእሷን አፍ ያያሉ፣ የእኔን ድምፅ ይሰማሉ፣ ምንም አይገባቸውም። ይህን ያሰብኩት ቀይ መብራቱ ከበራ በኋላ ነው። 

አቅራቢው ጨዋ ነው። ስለ ጃፓን ጠየቃት፣ ግጥሟን በአማርኛ አስነበባት። ያቺን ለብቻዋ አሰሙ፤ እኔ ዝም አልኩ፤ «ስርጉዱ ቀረ» ስትል ስቱዲዮው ጸጥ አለ። ደህና እየሄደ ነው ስል ሰውየው ወንበሩን አስጠጋ። ከኋላዋ ግድግዳውን የሚያህል ስክሪን ላይ ያ ፎቶ ወጣ። ቤተ መቅደሱ፣ ነጠላዋ፣ ያ መታጠፍ፣ ሁሉም ግድግዳ አክሎ።

«ማዳም፣ እርስዎ አጥባቂ ክርስቲያን ነዎት» አለ። «እንደሰማነው ቤተ ክርስቲያንዎ በዚህ ፎቶ የተነሣ ከመካከሏ ልታገልልዎት ነው። ዛሬ እዚህ ይቅርታ እንዲጠይቁ አዘዋል ይባላል። እውነት ነው?»

ከእኛው አንዱ አውርቷል! በጆሮዋ ባለው ማዳመጫ ተረጎምኩላት። ሰውየው የሚፈልገው ገባኝ። ገጣሚዋን የሚያሳድዱ ጨለምተኞች፣ ይህቺን ነው የሚፈልገው። እሷ አዎ ካለች ማግስቱን ጋዜጣው ሁሉ ይጽፈዋል፤ አዳራሽ የሚያከራዩን ስዊሶችም ያነቡታል። የለም ካለች ዋሸች። ንስሐ ገባሁ ካለች ደግሞ የተባለችውን አደረገች፤ ነገ ትሪው ይደርሳታል። በመስታወቱ ውስጥ አያታለሁ።  ዝም አለች። በቴሌቪዥን ዝም ሲሉ ትንሹ ዝምታ ዘመን ነው፤ አንዱ ቴክኒሻን እጁን ማወዛወዝ ጀመረ።

ከዚያ ተናገረች።

«ሽማግሌያችን ጋሽ ደምሴ ይባላል። ልጅ ሆኖ እጅህን አንሣ ሲሉት እጄ የጌታ ነው ብሎ ታስሯል፣ ተገርፏል። እንዲህ ያለ ሰው፣ ልጁ የሚላት ሴት ጎንበስ ብላ ሲያይ ይደነግጣል። መደንገጥ መብቱ ነው። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እደነግጣለሁ። የሚቆጣኝ ስለሚወደኝ ነው፤ እናንተ ምን ቸገራችሁ፣ አትቆጡኝም። የቤታችንን ነገር ቤታችን እንጨርሰዋለን። ጋሽ ደምሴን ግን አትንኩብኝ። አሁን ስለ አልጋው ጠይቀኝ።»

ይህን በፈረንሳይኛ የተናገርኩት እያለቀስኩ ነው። አቅራቢው ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ እውነትም ስለ አልጋው ጠየቃት። ስለ ራሷ ግን አንዲት ቃል አልተናገረችም። አልሰገድኩምም አላለች፣ ይቅርታም አላለች።

የመመለሻው ባቡር ገና ከጄኔቭ ሳይወጣ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ደምሴ ናቸው። ከኋላቸው አዳራሹ ይንጫጫል።

«ስሜን ጠራችው!» አሉ። «ደጋግማ ጠራችው! ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ሲያዝንላት አይተናል። ለፈረንጅ ሰጠችኝ አይደል? እኔን? ማርታ፣ ምን አለች?»

እትዬ ዘነቡ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ትሰማለች። አትንገሪያቸው ብላ እጇን አወዛወዘች። እኔ የዚያን ቀን የማንንም እጅ የማይበት ዓይን አልነበረኝም። ያለችውን በአማርኛ፣ ቃል በቃል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። «እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እደነግጣለሁ» ያለችውን ሁለት ጊዜ ደገምኩላቸው። «አትንኩብኝ ነው ያለችው፣ ጋሼ። ስለ እርስዎ ነው የተከራከረችው። ለራሷ ምንም አላለችም።»

  ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

«ምን አደረግሽ አንቺ!» አለች እትዬ ዘነቡ።  እኔ እስከ ዙሪክ ድረስ ነገ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ ጥፍሬን በላሁ።

ነገን መጠበቅ አላስፈለገም። ዙሪክ ስንደርስ ጋሽ ደምሴ ፕላትፎርሙ ላይ ቆመዋል፤ ብቻቸውን፣ ኮት ሳይለብሱ፣ በዚያ ብርድ። ሕዝቡ በግራ በቀኝ ያልፋቸዋል። እትዬ ዘነቡ ከባቡሩ ወርዳ ቆመች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ይዛለች።

«ስሜን አነሣሽው» አሉ።

«አነሣሁት ጋሼ።»

«ልትከሺኝ መስሎኝ ነበር።»   ከዚያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ለማን ነው ያጎነበስሽው?» አሏት።

ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ለአንድ ሽማግሌ ነው። እዚያ በር ላይ ቅጠል ይጠርጋል፤ በዕድሜ አንተን የሚያህል። ሳልፍ መጥረጊያውን ትቶ ጎንበስ አለልኝ። ታዲያ እንደ ግንድ ተገትሬ ልየው? ትልቅ ሰው እኮ ነው! እጅ ነሳሁት። ቀና ስል እሱ ደግሞ ዝቅ አለ። አፈርኩና እኔም ዝቅ አልኩ። እሱ ሲቀጥል እኔ ስቀጥል፣ እሱ አይተው እኔ አልተው፣ ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። ያ ፎቶ አንሺ መሃል ላይ መጣ። ሽማግሌውን ቆርጦ እኔን አስቀረ።»

ጋሽ ደምሴ አፋቸውን ከፍተው ያዩዋታል።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«እንዴ! እኛስ ብንሆን ለትልቅ ሰው...» ራሳቸው እዚያ ፕላትፎርም ላይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ሊሉ ጀመሩ፣ ከዚያ ነገሩ ገባቸውና ቆሙ። «ታዲያ ምነው ይህን ሁሉ ቀን ዝም አልሽ? አንዲት ቃል ብትናገሪ ኖሮ እኮ...»

«ማን ጠየቀኝ?»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«እዚያች ክፍል ውስጥ ምን ማለት እንዳለብኝ ነገራችሁኝ። ምን አደረግሽ ያለኝ ግን የለም። ጠበቅሁ። ሌላ የምትሉኝ አለ ብዬ ጠየቅኋችሁ፤ የለም አላችሁኝ። ጋዜጠኛ እንኳ፣ ነገሩን ባያውቅ፣ ይጠይቃል ጋሼ። እኔ ስንት ዓመት አብሬያችሁ የጸለይኩ ሰው፣ አንድ ጥያቄ አይገባኝም?» ከዚያ ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች። እኔም አልጠየቅኋትም ነበር፤ መሬት መሬት አየሁ።

«ይቅር በይኝ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«እዚህ አይሆንም።»

«ምን?»

«ሰው ሁሉ እየሰማ ነው ያዋረዳችሁኝ። ይቅርታውም ሰው ሁሉ ይስማው። ነገ፣ በማይክ።» ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ረገንስዶርፍ ባቡር ሄደች። ወይ እትዬ ዘነቡ! እኔ ብሆን አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ አልቅሼ ሁሉን በረሳሁት ነበር። እሷ እንደዚያ አልነበረችም።

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከመዝሙሩ በኋላ ጋሽ ደምሴ ማይኩን ያዙ። ስለ ሽማግሌውና ስለ መጥረጊያው ተናገሩ። ቀጥለው «እህታችንን ሳልጠይቃት ፈረድኩባት። እናንተንም ይዤ ሄድኩ» አሉና ማይኩን አስቀመጡ። ማንም አሜን አላለም፤ አሜን የሚባልበት ቦታ አልነበረም። ግሩፑ ላይ ከጻፉት ሁሉ አንድም ቀና ያለ ሰው አላየሁም።

ከዚያ የጌታ እራት ሆነ። ወትሮ ትሪው የሚጀምረው ከፊት ወንበር ነው። ጋሽ ደምሴ ትሪውን ይዘው የፊቱን ወንበር አለፉት። መሃሉንም አለፉ። እትዬ ዘነቡ በሩ አጠገብ፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ ነበረች፤ ካልደረሰኝ ቶሎ ልውጣ ብላ ይሆናል፣ ኮቷን እንኳ አላወለቀችም። ፊቷ ደርሰው ቆሙ። ትንንሾቹ ጽዋዎች እርስ በርሳቸው ይንኳኳሉ፤ በዚያ ጸጥታ አዳራሹ ሁሉ ይሰማዋል። ትሪውን ዝቅ ሊያደርጉላት ሲሞክሩ ያ የተጎዳ ትከሻቸው አልታዘዝ አላቸው።

«ቀስ፣ ጋሼ» አለች። በአንድ እጇ ትሪውን ከሥር ደገፈችላቸው፣ በሌላው ጽዋዋን አነሣች።